የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ዴስክቶፕ ላይ ይሠራል? ጥያቄና መልስ

ይህ ነገር ደጋግሞ ስለሚነሳ ዛሬ የመጣልኝን ጥያቄ ሁሉ እመልሳለሁ። ማንም ገንዘቡን በከንቱ እንዲያወጣ አልፈልግም።

ጥያቄ፦ ስክሪኑ የተሰበረ ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ7 ላፕቶፕ አለኝ። ፕሮሰሰሩን ነቅዬ ዴስክቶፔ ላይ ልሰካው?

መልስ፦ አይሆንም ወንድሜ። ከአምስተኛው ትውልድ ጀምሮ የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው። ላፕቶፑን እንዳለ ከሞኒተር ጋር አገናኝተህ ተጠቀምበት፣ ጥሩ ኮምፒውተር ይወጣዋል።

ጥያቄ፦ የኔ ግን ሦስተኛ ትውልድ ነው፣ ተነቅሎ ይወጣል። ዴስክቶፔም ሦስተኛ ትውልድ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ትውልዳቸው አንድ ቢሆንም ሶኬታቸው (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ቦታ) ለየቅል ነው። የላፕቶፑ ቺፕ ፒኖቹ (ቀጫጭን የብረት እግሮቹ) ከራሱ ሥር ተተክለዋል። በዴስክቶፑ ሶኬት፣ በኤልጂኤ 1155፣ ላይ ግን ፒኖቹ ያሉት ሶኬቱ ውስጥ ነው። በግድ ከተጫንሽው ሁለቱንም ታበላሺያለሽ።

ጥያቄ፦ ድሮ ይሠራ ነበር ይላሉ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ደስ የሚል ዘመንም ነበር። የኤኤምዲ የላፕቶፕ አትሎን ኤክስፒ ልክ እንደ ዴስክቶፑ ሶኬት ኤ ላይ ይገባ ነበር፤ በአነስተኛ ቮልቴጅ ስለሚሠራና ማባዣው (ፍጥነቱን የሚወስነው ቁጥር) ስላልተቆለፈ ፍጥነት መጨመር የሚወዱ ሰዎች አጥብቀው ይፈልጉት ነበር። ኢንቴል በ2003 (እ.ኤ.አ.) የላፕቶፑን ፔንቲየም ኤም ሲያወጣ ደግሞ የዴስክቶፑ ፔንቲየም 4 በሙቀት ሰውን ያማርር ነበር፤ አሱስም ፔንቲየም ኤምን በሶኬት 478 ላይ የሚያስገባ ሲቲ-479 የሚባል አስማሚ ሠራ። ያም ቢሆን የሚሠራው በተመረጡ የአሱስ ቦርዶች ላይ ብቻ ነበር፣ ባዮሱም (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) መታደስ ነበረበት።

ጥያቄ፦ ኦንላይን ኤልጂኤ 1151 ላይ የሚገባ የላፕቶፕ ቺፕ በርካሽ አየሁ። ልግዛው?

መልስ፦ መጀመሪያ ምን እንደሆነ እወቅ። የላፕቶፕ ቺፕ ወስደው ከሥሩ የዴስክቶፕ ቅርጽ ያለው ትንሽ ሰሌዳ ይበይዱበታል። ብዙዎቹ ኩባንያው ለሙከራ ያወጣቸው ናሙናዎች ናቸው። ቅርጹ ገጠመ ማለት ሠራ ማለት አይደለም፤ ባዮሱ ቺፑን ካላወቀው ኮምፒውተሩ አይነሳም፣ ስለዚህ ለዚያው ቦርድ የተሻሻለ ባዮስ መጫን ግድ ነው፣ አንዳንዴም ባዮሱን በቀጥታ የሚጽፍ ፕሮግራመር የሚባል መሣሪያ ያስፈልግሃል። በኋላ የፋብሪካውን ባዮስ ካደስክ ደግሞ ቺፑ እንደገና ሊጠፋበት ይችላል። ፕሮግራመር፣ የድሮው ባዮስ ቅጂና ሌላ መደበኛ ፕሮሰሰር በእጅህ ካለ ሞክረው፣ ብዙ ትማርበታለህ። እንጀራህን በምታገኝበት ኮምፒውተር ላይ ግን በፍጹም አልመክርህም።

ጥያቄ፦ ማቀዝቀዣውስ?

መልስ፦ ከነዚህ ቺፖች ብዙዎቹ የብረት ክዳን የላቸውም፣ ሲሊከኑ ራቁቱን ነው። ማቀዝቀዣው በደንብ ላይነካው ይችላል፣ አንዱን ጠርዝ ብቻ ካጠበቅከው ደግሞ ይሰነጠቃል። ብሎኖቹን በሰያፍ፣ ትንሽ በትንሽ እያፈራረቅክ አጥብቃቸው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ያለ ጣጣ የሚሆነው የቱ ነው?

መልስ፦ የላፕቶፕ ቺፕ ከፋብሪካው ተበይዶበት የሚሸጥ የዴስክቶፕ ማዘርቦርድ። ለምሳሌ የሚኒስፎረም ቢዲ790አይ ራይዘን 9 7945ኤችኤክስ አለው፤ 16 ኮር፣ 32 ትሬድ፣ ሚኒ አይቲኤክስ በምትባል ትንሽ ቦርድ ላይ! የሚወስደው ራም የላፕቶፕ ዲዲአር5 ነው፣ የዴስክቶፕ ራምህ አይገባበትም። ፕሮሰሰሩንም ወደፊት መቀየር አይቻልም።

ጥያቄ፦ እኔ የምፈልገው የመብራት ወጪ መቀነስ ብቻ ነው።

መልስ፦ እንግዲያው ምንም አትግዛ። ያለህን የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ተመልከት። ቦርድህ የሚፈቅድ ከሆነ ባዮስ ውስጥ ገብተህ የኃይል ገደቡን ለምሳሌ ከ125 ወደ 65 ዋት አውርደው። ከባድ ሥራ ላይ ትንሽ ይዘገያል፣ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ግን ልዩነቱ አይታወቅህም።