ሽንታቸው ቀልቷል፣ ግን አያማቸውም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ካይሮ ነው። ባለቤቴ ግብፃዊ ነው፣ 58 ዓመቱ ነው፤ ያደገው በዓባይ ደልታ ገጠር ነው። አባቱን የፊኛ ካንሰር፣ ታላቅ ወንድሙን የጉበት ካንሰር ወስዶብናል። እሱም ሰሞኑን ሽንቱ ሊያልቅ ሲል ቀላ ይላል። ስለማያመው «ልጅ ሆኜም ነበረብኝ» ብሎ አልታከምም አለ። የካንሰር ዘር ይኖርባቸው ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው። ጠጠር ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዚህ ዕድሜ ሕመም የሌለው ደም እኔን ይበልጥ ያሳስበኛል፤ የፊኛ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። የሽንት ምርመራና አልትራሳውንድ ብቻ አይበቃም፤ ፊኛቸው ውስጥ በቀጭን ካሜራ ይታይ።

«ልጅ ሆኜም ነበረብኝ» ማለታቸው አይገርመኝም። በዚያ ገጠር ቢልሃርዚያ የሚባለው፣ ከውሃ የሚይዝ የትል በሽታ ከመስፋፋቱ የተነሳ ወንድ ልጅ ደም መሽናቱ እንደ ጉርምስና ምልክት ይታይ ነበር። ትሉ በመስኖ ቦይ ካለው ቀንድ አውጣ ወጥቶ በሚዋኘው ልጅ ቆዳ በኩል ይገባል። እንቁላሉ የፊኛ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ለዓመታት ሲያቆስል ካንሰር ያስከትላል። በግብፅ ወንዶች ላይ የፊኛ ካንሰር ለአሥርት ዓመታት አንደኛ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። (በእኛ አገር በብዛት ያለው አንጀትን የሚይዘው ዓይነት ነው፤ የፊኛው በታችኛው አዋሽ አካባቢ ይገኛል።)

የወንድማቸው ጉበትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ቢልሃርዚያ በዘመቻ የሚታከመው ተደጋግሞ በደም ሥር በሚሰጥ መርፌ ነበር። በቅጡ ያልተቀቀለው ሲሪንጅ ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ሲዞር ጉበትን ለዓመታት እያቆሰለ ካንሰር ሊያስከትል የሚችለውን የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ አዳረሰ። ኋላ ላይ የሚዋጠው ፕራዚኳንቴል መጥቶ ቢልሃርዚያው ሲቀንስ የፊኛ ካንሰርም ቀነሰ፤ በወንዶች ላይ የጉበት ካንሰር አንደኛ ሆነ። መርፌውን የሰጡት ሰዎች ሊያድኗቸው ነበር የፈለጉት፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል።

ስለዚህ አባትና ልጅን ያገናኘው ከዘር ይልቅ ያው ቦይና ያው መርፌ ሳይሆን አይቀርም። ባለቤትዎ በልጅነታቸው ተወግተው እንደሆነ ይጠይቋቸው፤ ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ። የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ ያድርጉ። ግብፅ ከ2018 ጀምሮ በአገር አቀፍ ዘመቻ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ መርምራ ስላከመች አገልግሎቱ አጠገባችሁ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት ወር ያህል በሚዋጥ ክኒን ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይድናል። ቀድመው ታክመው ከሆነም ጉበታቸው ጠባሳ ይዞ እንደሆነ ይታይ፤ ከያዘ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ያስፈልጋቸዋል።