ፋይቶው ለምን ነጣ? መብራቱን ተወውና ጠርሙሱን እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «ለኮፔፖዶቼ ብዬ ቤት ውስጥ ናኖክሎሮፕሲስ ማራባት ጀመርኩ፤ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ደስ ሲለኝ በሁለት ቀን ነጥቶ ውሃ መሰለ። መብራት ልቀይር ወይስ ማዳበሪያ ልጨምር?» ነው ያልከው። (ለማያውቅ ሰው፦ ፋይቶ የምንለው ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ አልጌ ነው፤ ናኖክሎሮፕሲስ፣ ባጭሩ ናኖ፣ አንዱ ዓይነት ነው። ኮፔፖድ ደግሞ ፋይቶ የሚበላ፣ ራሱም ለዓሣ ምግብ የሚሆን ደቃቅ የውሃ እንስሳ ነው።) ሁለቱንም አታድርግ። ብርህን ያዝ።

መብራት ሲያንሰው ፋይቶ ቀስ እያለ ነው የሚደክመው። ማዳበሪያ ሲያልቅበትም መጀመሪያ ወደ ቢጫ ያደላል። በሁለት ቀን ኩልል ካለ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሆነ ነገር በልቶታል ማለት ነው። እኔ የምጠረጥረው ሮቲፈር የሚባለውን ደቃቅ የውሃ እንስሳ ነው። ማታ የክፍሉን መብራት አጥፋና የስልክህን መብራት ከጠርሙሱ ጎን አብራ። የአየር ፓምፑን ለአፍታ አቁመው። ናኖ ራሱ ከ2 እስከ 3 ማይክሮን ስለሆነ አንድ በአንድ በዓይን አይታይም። ሮቲፈር ግን ደቃቅ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታይሃል። ቆሻሻ ቢሆን ወደ ታች ይሰጥማል። ይሄኛው ይሽከረከራል፣ ይቆማል፣ ደግሞ አቅጣጫ ቀይሮ ይሄዳል። አንድ ካየህ ሺህ አለ። ያንን ጠርሙስ ለማዳን አትልፋ።

ከየት መጣ? ከአኳሪየምህ ነዋ! እኔ የማደርገውን በቁጥር ላስቀምጥልህ።

1. ዕቃ አታጋራ። ለፋይቶ የሚሆን ቱቦ፣ ማንቆርቆሪያና ሲሪንጅ ለብቻው ይሁን። እኔ የፋይቶውን ሁሉ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ፤ እቤት ያለ ሰው ሁሉ ቀዩን እንደማይነካ ያውቃል። ጠዋት መጀመሪያ ፋይቶውን ነው የምነካው፣ ከዚያ አኳሪየሙን። ተገላቢጦሽ የለም። ጠርሙሶቹም አኳሪየሙ ካለበት ክፍል መራቅ አለባቸው፤ አረፋው ሲፈነዳ የምትረጨው ጠብታ ብቻዋን ትበቃለች። የኔዎቹ ወጥ ቤት ናቸው፣ አኳሪየሙ ሳሎን።

2. ውሃ። እኔ ያለሁት አራት ኪሎ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ከሮቶ ነው የምቀዳው፤ አንተም እንደዚያው ሳትሆን አትቀርም። አፍልቼ እጠቀማለሁ የሚሉ አሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ስለምትጠጋ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እኔ አልተማመንበትም። ጨዉን ከበጠበጥኩ በኋላ በሊትር 1 ሚሊ ሊትር ያህል በረኪና ጨምሬ አሳድረዋለሁ፤ ሽታ የተጨመረበትን አትግዛ። ጠዋት በሶዲየም ታዮሰልፌት ክሎሪኑን አጠፋለሁ። ድሮ ፎቶ ቤቶች ፊልም ሲያጥቡ የሚጠቀሙበት ነጭ ቅንጣት ነው፤ ኬሚካል መሸጫ ሱቆች ጠይቅ። ክሎሪኑ ሳይጠፋ ዘሩን፣ ማለትም ማራባት የምትጀምርበትን ፋይቶ፣ ከጨመርክ ዘርህን ገደልክ። ጨው ስል የባሕር አኳሪየም ጨው ነው፣ የገበታውን አይደለም። ለናኖ በጨው መለኪያው (ስፔሲፊክ ግራቪቲ) 1.020 ይበቃዋል፤ እንደ አኳሪየምህ 1.025 ማድረስ ጨው ማባከን ነው።

3. አየር። የአየር ድንጋይ አያስፈልግም። ደቃቁ አረፋ ጨዉን ግድግዳ ላይ ከመርጨት ሌላ ጥቅሙ አይታየኝም። ፋርማሲ የሚሸጠውን የግሉኮስ ቱቦ ግዛ፤ መቆጣጠሪያዋ ጎማ አየሩን ለመመጠን ተፈጥራለች። ፓምፑን ከጠርሙሶቹ በላይ አስቀምጠው። ያለዚያ መብራት ሲሄድ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ ይገባል። መብራት በጠፋበት ሰዓት በእጅ መወዝወዝ ነው። እናቴ እንኳ ቡናዋን ልታፈላ ስትገባ ሳትወዘውዛቸው አታልፍም።

4. እናት ጠርሙስ ይኑርህ። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይቺን አትርሳ። ያደገውን ፋይቶ ወደ ሌላ ጠርሙስ ስታካፍል ከምርጡ አንድ ሃይላንድ ቀድተህ ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ አስቀምጥ። በየቀኑ ወዝወዝ አድርገው፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆይልሃል። ከዚያ በአዲስ ተካው። ለዓሣም ለኮፔፖድም ከእሷ አትቀንስ። እዚህ አገር ዘር አለቀብኝ ብለህ ሮጠህ የምትገዛበት ሱቅ እኔ አላውቅም።

የኔ የመጀመሪያው ዘር ከውጭ በጠርሙስ ነበር የተላከልኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ያዘው። መያዛቸውስ ደግ፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ መጠየቅ አለባቸው። ያንገበገበኝ አጠያየቃቸው ነው። መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ አየና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የዓሣ ምግብ የሚመገበው ምግብ» አልኩት።

«ዓሣው የት ነው ያለው?»

«ቤቴ።»

«በዓመት ስንት ኪሎ ታመርቻለሽ?»

«አይበላም፣ ለማየት ነው።»

«የማይበላ ዓሣ ነው የምትቀልቢው?» ብሎ ወደ ባልደረባው ዞረ። ሁለቱም ሳቁብኝ።

ከዚያ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ ተባልኩ። ከማን? ከሚመለከተው አካል። የሚመለከተው አካል ማነው? እሱን የሚያውቁት ኃላፊው ናቸው። ኃላፊውስ? ስብሰባ ላይ ናቸው። ስመላለስ ጠርሙሱ ያለ አየር ያለ ብርሃን መጋዘን ሰነበተ። በመጨረሻ ሲሰጡኝ ቢጫ ሆኗል፤ ክዳኑን ስከፍተው የበሰበሰ እንቁላል ሸተተኝ። እሱም ሆኖ «ዕቃዬን በመልካም ሁኔታ ተረክቤአለሁ» የሚል ወረቀት ላይ አስፈረሙኝ።

ስለዚህ ዘር ማስመጣትህ ካልቀረ ደብዳቤህን ዕቃው ከመነሣቱ በፊት ጨርስ። የሳይንስ ስሙን፣ መጠኑን፣ ለምን እንደምትፈልገው በአማርኛ አንድ ገጽ ጻፍና የአኳሪየምህን ፎቶ አያይዝ። በጠርሙስ ሳይሆን አጋር (እንደ ጄሊ የረጋ ማብቀያ) ላይ የተዘራውን እዘዝ፤ በብርድ ለሳምንታት ይቆያል፣ አይፈስም። በሁለተኛው ዙር እንዲህ ነው ያደረግኩት። ሌላ መስኮት ላይ ያለች ልጅ ወረቀቱን አንብባ ወዲያው ጨረሰችልኝ፤ ይባስ ብላ ኮራል አፍ አለው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለው አልኳት። ከዚያ ወዲህ ዘር አስመጥቼ አላውቅም። አሁን ማንዳሪን የሚባለውን ዓሣዬን ብታየው፣ ሆዱ ሞልቶ ኮፔፖድ ሲለቅም ነው የሚውለው።

ስለ ማዳበሪያው፦ ኤፍ ቱ (f/2) የሚባለው የአልጌ ማዳበሪያ ይበቃል። ጊላርድና ራይተር እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጡት «ኤፍ» የሚባለው ቀመር ግማሽ ነው። እጥፍ አድርገው የሚሉህን አትስማ፤ ትርፉ አኳሪየምህ ውስጥ ገብቶ ናይትሬቱን ነው የሚያበዛው። መብራት ተራ ነጭ ኤልኢዲ፣ በቀን 16 ሰዓት። ማሞቂያ አትግዛ፣ የከተማችን ብርድ ለናኖ አይከፋውም።

ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጥከው ከሌለ እኔ አካፍልሃለሁ፣ በነፃ። አዲስ ሃይላንድ፣ ውሃው ገና የፈሰሰ፣ ይዘህ ና። አኳሪየምህ አጠገብ የቆየ ጠርሙስ ይዘህ ከመጣህ ግን አልሞላልህም፤ ደጅ ላይ ነው የምመልስህ።