መልስ፦ የላቲኑ «ኖክስ» እንዴት «ኖቴ» እና «ኖቼ» ሆነ? «ት»ዋ ከየት መጣች?

«ት»ዋ ድሮም ነበረች፤ ችግሩ የተነሳህበት ቅርጽ ነው። መዝገበ ቃላት መጀመሪያ ላይ የሚያስቀምጠው «ኖክስ» (ሌሊት) የባለቤት ቅርጽ ነው። የጣሊያንኛው «ኖቴ» እና የስፓኒሹ «ኖቼ» ግን የወጡት ከተሳቢው፣ ከ«ኖክቴም» ነው።

ዘርፋቸው («የሌሊት» እንደማለት ያለው ቅርጻቸው) በ«ኢስ» ለሚያልቅ የወንድና የሴት ጾታ ስሞች እንዲህ አድርግ፦

1. ከ«ኖክስ» ቀጥሎ የተጻፈውን ዘርፍ፣ «ኖክቲስ»ን ውሰድ።
2. «ኢስ»ን ቆርጠህ «ኤም» ቀጥል፦ ኖክቴም።
3. መጨረሻ ላይ ያለችውን «ም» ጣላት።

«ም» በሕዝቡ አፍ ቀድማ ጠፍታለች። «አፔንዲክስ ፕሮቢ» የተባለው ጥንታዊ የቃላት ማረሚያ ዝርዝር «ኑምኳም እንጂ ኑምኳ አይባልም» ይላል። ሰው «ኑምኳ» ባይል ኖሮ ማረም ባላስፈለገ፤ ለዚህ ነው ዝርዝሩ ውድ ማስረጃ የሆነው።

በቀረው «ኖክቴ» ውስጥ «ክት» በጣሊያንኛ ጠብቆ የሚነበብ «ት»፣ በስፓኒሽ «ች» ሆነ። በ«ኦክቶ» (ስምንት) ሞክረው፦ ጣሊያንኛ «ኦቶ»፣ ስፓኒሽ «ኦቾ»።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። በስፓኒሽ «ክት» ሳይለወጥ ካገኘህ ሕጉ ፈረሰ ብለህ አትደምድም፤ ቃሉ ምሁራን ኋላ ላይ ከላቲን መጻሕፍት የወሰዱት ሊሆን ይችላል። «ዴሬቾ» እና «ዲሬክቶ» ሁለቱም ከ«ዲሬክቱም» የመጡ ናቸው፦ የመጀመሪያው ከአፍ ወደ አፍ፣ ሁለተኛው ከመጽሐፍ። የድምፅ ለውጥ ሠንጠረዥህን ስትሠራ ሁለቱን አንድ ረድፍ ውስጥ አታስገባ።