«ያዳናት እግዚአብሔር ነው» ብሎ ነርሷን ሳያመሰግኑ መውጣት

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። እናቴ በስትሮክ ወድቃ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛች። ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት ነበር፤ ዛሬ ምርኩዝ ይዛ ትራመዳለች። ለቅዱስ ሩፋኤል ተስዬ ስለነበር ስለቴን አስገብቻለሁ። የዋርዱ ነርሶችና የጽዳት ሠራተኞች እናቴን እንደ እናታቸው ነው የያዙልኝ፤ በተለይ አንዲት የሌሊት ተረኛ ሲስተር። እሷ ሙስሊም ናት። ሄጄ ላመሰግናቸው፣ የሆነ ነገርም ልወስድላቸው ስል አክስቴ «ያዳናት እግዚአብሔር ነው፤ ‹ክብሬን ለሌላ አልሰጥም› ብሏል። እነሱ እንደሆነ ደመወዛቸውን በልተውበታል» አለችኝ። ልቤ አልተቀበለውም፤ ግን እንዳልበድል ፈራሁ። ምን ላድርግ? ገንዘብ ብሰጣቸውስ ነውር ይሆናል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር እናትሽን ማረልሽ። ስለትሽን በጊዜው ማስገባትሽ ደግ ነው፤ የምታውቂውን ሥርዓት አልደግምልሽም። የምቆየው አክስትሽ ባነሡት ቃል ላይ ነው። ይህን አነጋገር ከብዙ ምእመናን ሰምቼዋለሁ፤ አብዛኞቹም ጸሎተኞችና ጿሚዎች ናቸው። ለአምላካቸው ክብር መቅናታቸው መልካም ነው፤ የደረሱበት መደምደሚያ ግን ስሕተት ነው።

ጥቅሱ ትንቢተ ኢሳይያስ 42፥8 ላይ ነው። ሙሉው «እኔ እግዚአብሔር ነኝ፤ ስሜ ይህ ነው፤ ክብሬን ለሌላ፥ ምስጋናዬንም ለተቀረጹ ምስሎች አልሰጥም» ይላል። ብዙ ሰው ሲጠቅሰው መጨረሻውን ይቆርጠዋል። ነቢዩ የሚገሥጸው እንጨት ጠርቦ «አምላኬ ነህ» የሚለውን ሰው ነው። አንቺ ሲስተሯን «ፈጣሪዬ ነሽ» ልትያት አልተነሣሽም። ቅዱስ ጳውሎስ ለእግዚአብሔር ክብር ከማናችንም በላይ የሚቀና ሐዋርያ ነው፤ ሆኖም በሮሜ 16 ሰዎችን በስማቸው እየጠራ ያመሰግናል። ጵርስቅላና አቂላ ስለ እርሱ ነፍሳቸውን ለሞት እንዳቀረቡ ተናግሮ፣ የሚያመሰግናቸው እርሱ ብቻ ሳይሆን የአሕዛብ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ እንደሆኑ ይጨምራል። ከእግዚአብሔር ክብር የጎደለ ነገር አለ? መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን አክብረው ይላል፤ ምክንያቱን ሲሰጥም እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ማክበሩ ከእግዚአብሔር የሚሰርቅ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ ባላዘዘን ነበር።

የተሳልሽው ለቅዱስ ሩፋኤል ነውና መጽሐፈ ጦቢትን አውጥተሽ አንብቢው፤ ከተቻለም ለአክስትሽ አንብቢላቸው። ጦቢት ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። ልጁ ጦብያ ሩቅ አገር ሲላክ አብሮት የሚሄድ ሰው ተገኘ፤ አዛርያስ ነኝ አለ፤ ደመወዝ ተነጋግረው ሄዱ። ቅዱስ ሩፋኤል መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም። በመንገድ ዓሣ ሲይዙ ሐሞቱን እንዲያስቀምጥ ልጁን መከረው፤ ሲመለሱም ሐሞቱን በአባቱ ዓይን ላይ አደረገ፤ ጦቢትም አየ። ፈውሱ የእግዚአብሔር ነው፤ መድኃኒቱ የዓሣ ሐሞት ነው፤ የቀባው የልጁ እጅ ነው። መጽሐፉ አንዱን ለማክበር ሌላውን አልደበቀም።

አሁን 12ኛውን ምዕራፍ ተመልከቺ። ጦቢት ዓይኑ እንደበራ ልጁን ጠርቶ አብሮህ ለሄደው ሰው ደመወዙን ስጠው፣ ጨምርለትም አለው። ልጁም ካመጣሁት ሁሉ እኩሌታውን ብሰጠው አይጎዳኝም ብሎ መለሰ። አክስትሽ «ደመወዛቸውን በልተውበታል» ላሉት መልሱ እዚህ አለ። ያ ሰው ደመወዙ አስቀድሞ የተቆረጠ ነበር፤ ጻድቁ ጦቢት ግን «የሚገባውን ወስዷል፣ ይበቃዋል» አላለም። ደመወዝ የሚከፈለው ለሥራ ሰዓት ነው፤ ለርኅራኄ ዋጋ የቆረጠ መሥሪያ ቤት የለም። ከዚህ በኋላ ነው መልአኩ ለብቻቸው ወስዶ እግዚአብሔርን አመስግኑ ያላቸው፤ ማንነቱንም የገለጠላቸው። አባትና ልጅ ሊሰጡት ስለተነሡ አልገሠጻቸውም። ምስጋናቸውን ተቀብሎ ወደ ላይ አቀናው። ምስጋና ወደ እግዚአብሔር የሚሄደው ባገለገለን ሰው በኩል አልፎ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

የተገላቢጦሹ ጥፋትም አለ። «ሐኪሙ ባይኖር ሞቼ ነበር» ብሎ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይደርስ የሚቀር ሰው አለ። አንቺን ስለማይመለከት አልፈዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ቤት ስትገቡ «ጠበሉ ይበቃታል» ብሎ የግፊቷን ኪኒን የሚያስቆም ዘመድ ቢመጣ አትስሚው። በስትሮክ የወደቀ ሰው የደም ግፊት መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ሲያቋርጥ ዳግመኛ የመውደቅ አደጋው ይጨምራል። ንጉሡ ሕዝቅያስ እንደሚድን ከእግዚአብሔር አፍ ተነግሮት፣ 15 ዓመትም ተጨምሮለት ሳለ፣ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ አስደርጎለታል (2ኛ ነገሥት 20፥7)። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚወሰዱ በይፋ አስተምረዋል።

አክስትሽ የነርሷን ሥራ ያቃለሉት ስላላዩት ይመስለኛል። እንግዲህ ንገሪያቸው። ግማሽ አካሉ የማይታዘዝ ሕመምተኛ በራሱ አይገላበጥም። በአንድ ጎን ብዙ ሰዓት ከተኛ ዳሌው፣ የወገቡ ግርጌና ተረከዙ ላይ ደም መዘዋወሩ ይቀንስና ቆዳው መጀመሪያ ይቀላል፤ ቀጥሎ ይላጣል፤ ከዚያ እስከ አጥንት የሚደርስ የአልጋ ቁስል ይሆናል፤ ቁስሉም መርዞ ሊገድል ይችላል። መከላከያው በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነው፤ በቀን 12 ጊዜ ማለት ነው። ቀን አንቺ አግዘሽ ይሆናል፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንቺ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሎሽ ሳለ ሥራው ያቺ ሲስተር ላይ ይወድቃል። አንሶላው ከረጠበ ይቀየራል፤ ቆዳው ደርቆ ይጠበቃል፤ የሽንት ቱቦው እንዳይታጠፍ ይታያል። መዋጥም አለ። ስትሮክ ጉሮሮን ሊያሰንፍ ስለሚችል መዋጥ መቻሏ ሳይፈተሽ ውኃ ቢሰጣት ፈሳሹ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ቀና አድርገው አስቀምጠው፣ በትንሽ ማንኪያ፣ የመጀመሪያው መውረዱን እያዩ ሁለተኛውን ያጎርሷታል። አንድ ሳህን አጥሚት ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። እናትሽ ገላዋ ሳይቆስል፣ ሳንባዋ ሳይታመም ከወጣች ይህ ሁሉ ተደርጎላታል ማለት ነው። በቅዳሴያችን በጸሎተ አኰቴት «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» (በጎ ነገር ያደረገልንን እናመስግነው) ብለን ሸፍኖናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና እንላለን። በእነዚያ ሌሊቶች የጠበቀበት እጅ የማን እንደነበር አንቺ አይተሻል።

ሙስሊም መሆኗ ምስጋናሽን አይከለክለውም። ከዐሥሩ ለምጻሞች ተመልሶ ያመሰገነው አንዱ ሳምራዊ ነበር (ሉቃ. 17፥16)፤ የቆሰለውን ሰው ዘይትና ወይን አፍስሶ ያሰረለትም ሳምራዊ ነው (ሉቃ. 10፥33-34)። ጌታ ሁለቱንም ለአይሁድ አርአያ አድርጎ ሲያቆማቸው ከማን ወገን እንደሆኑ ሳይደብቅ ነው። ቤትሽ ስትጸልዪ በስሟ ጥሪያትና ዋጋዋን እንዲከፍላት ለምኚላት። ጠበል ወይም ሥዕለ አድኅኖ ግን ይዘሽላት አትሂጂ፤ ለምስጋና የሄደ ሰው ለምስጋና ብቻ ይሂድ።

ስለ ገንዘብ ጠይቀሻል። በኪሷ አትክተቺ። ንዕማን ከለምጹ ሲነጻ ለኤልሳዕ ስጦታ አቀረበ፤ ነቢዩ በሕያው እግዚአብሔር ስም ምሎ እምቢ አለ። ግያዝ ግን ተከትሎ ሮጦ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ተቀበለ፤ የንዕማን ለምጽም በእርሱ ላይ ተጣበቀ (2ኛ ነገሥት 5)። ጉዳቱ ዛሬም አልተለወጠም። የአንቺ ንጹሕ ስጦታ ሠራተኛዋን በመሥሪያ ቤቷ ሊያስጠይቃት ይችላል፤ ይህን ያየው የሚቀጥለው አስታማሚም «እዚህ ቤት ካልሰጡ አይታይም» ብሎ ያምናል፤ ከገጠር መጥታ አጠገብሽ ያለው አልጋ ላይ የተኛችው ምስኪን የምትሰጠው የላትም። ሕመምተኛው ተኝቶ ሳለ የሚሰጥ ደግሞ ስሙ ምንም ይሁን ጉቦ ነው። ሕዳር 22 የምናስባቸው ቅዱሳን ቆዝሞስና ድምያኖስ ሐኪሞች ነበሩ፤ ዋጋ ሳይቀበሉ በማከማቸው ነው የተመሰገኑት።

ከሁሉ የሚጠቅማቸው ደብዳቤ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። እናትሽ የተኛችበትን ቀን፣ ዋርዱንና የአልጋውን ቁጥር ጻፊ። «ሁሉንም አመሰግናለሁ» ብቻ ብለሽ አትተዪው፤ ያ ማንንም አይጠቅምም። የሠራተኞቹን ስምና ፈረቃ ጥቀሺ፣ ማን ምን እንዳደረገ ለይተሽ ጻፊ፦ እገሊት ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣታለች፣ እገሌ ኦክስጅኑ ሲያልቅ ሮጦ ቀይሯል። ስማቸውን ካላወቅሽ የዋርዱን ኃላፊ ነርስ ጠይቂ። አንዱን ቅጂ ለሜትሮኗ (ለነርሶቹ ዋና ኃላፊ)፣ አንዱን ለሆስፒታሉ አስተዳደር ስጪ፤ በሠራተኞቹ የግል ማኅደር እንዲያያዝም በጽሑፍ ጠይቂ። ዕድገት ወይም ዝውውር ሲታይ የሚገለጠው ያ ማኅደር ነው። የጽዳት ሠራተኞችን፣ አልጋ የሚገፉትንና የልብስ ንጽሕና ክፍሉን አትርሺ። ወለሉን በበረኪና የምትወለውለዋ ሴት ከዋርድ ዋርድ የሚዛመተውን በሽታ የምትከላከል ናት፤ ስሟን ጽፎ ያመሰገናት ግን እምብዛም የለም። ፎቶግራፍ አንስተሽ ፌስቡክ ላይ ለመለጠፍ ካሰብሽ ፈቃዳቸውን ጠይቂ፤ ሌላ ሕመምተኛ ከበስተጀርባ እንዳይታይ ተጠንቀቂ።

ምግብ መውሰድ ከፈለግሽ ወተትና ቅቤ የሌለበት ዳቦና ፍራፍሬ ይሁን። ሮብና ዓርብ የሚጾመውም፣ ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ የማይበላውም አብረው ይቀምሱታል። ታማሚ በሚረካከቡበትና ሐኪሞች ዋርድ በሚዞሩበት ሰዓት አትግቢ፤ ሥራ ታስፈቺያለሽ። ለሁለት ከፍለሽ ውሰጂው፤ ቀን ያመጣሽውን የቀን ፈረቃ ይበላዋል፣ ሌሊት የደከሙት ባዶ ይቀራሉ። ከስለቱ ቀንሰሽ ግን አይሁን። የተሳልሽውን ሳታጓድዪ ማስገባት የራሱ ትእዛዝ አለው (ዘዳ. 23፥21)፤ ይህ ከኪስሽ ይውጣ።

ከዚህም ሌላ ደም መስጠት ትችያለሽ። ዕድሜሽ ከ18 እስከ 65 ከሆነ፣ ክብደትሽ ከ45 ኪሎ ካላነሰና ጤነኛ ከሆንሽ ወደ ደም ባንክ ሂጂ። በጾም ወራት በባዶ ሆድ እንዳትሄጂ፤ ያዞርሻል። ቁርስ በሚበላበት ቀን፣ ቅዳሜ ለምሳሌ፣ በልተሽና ውኃ ጠጥተሽ ሂጂ። ዋርዱ ውስጥ አስታማሚ የሌለው ሰውም አይጠፋም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰሐን ምግብ ይዘሽ መግባት ትችያለሽ፤ ግን ሳትጠይቂ አታጉርሺ፤ የስኳር ሕመምተኛ፣ ለቀዶ ሕክምና የሚጾም፣ መዋጥ የማይችል አለ። ነርሷ የፈቀደችለትን መግቢ።

አንድ ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ሕመምተኛው ሲድን ይመሰገናሉ፣ ሲሞት ይረገማሉ። ዘመዱ ያረፈበት ቤተሰብ አርባውንና ሰማንያውን አውጥቶ፣ ካህናቱን አመስግኖ፣ የመጨረሻውን ሌሊት አፉን በጥጥ ያራሰችለትን ነርስ አንድ ቀን አያስታውሳትም። እሷም ያንን ሞት ተሸክማ በማግሥቱ ሥራ ትገባለች። ጌታ በማቴዎስ 25 «ታምሜ ጠይቃችሁኛልና» ሲል የታመመው ዳነ ወይስ ሞተ ብሎ አልለየም። ጎረቤትሽ ወይም ዕድርሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ሐዘንተኛ ካለ፣ እንባው ሲቀዘቅዝ ይህን አስታውሺው፤ ደብዳቤውንም አብራችሁ ጻፉት።

የአንቺን ግን አታቆዪው። ነርሶች ከዋርድ ዋርድ፣ ከሆስፒታል ሆስፒታል ይዘዋወራሉ፤ ጥቂት ወር ካለፈ ያቺን ሲስተር እዚያ ላታገኚያት ትችያለሽ። በዚህ ሳምንት ጻፊው፤ ሁለቱንም ቅጂ ስትሰጪ መቀበላቸውን አስፈርሚ። እናትሽ ደረጃ መውጣት ከቻሉ ይዘሻቸው ሂጂ፤ አክስትሽም ደስ ካላቸው ይምጡ።