መልስ፦ የአሜሪካዊቷ ዘፋኝና ፒያኒስት ኒና ሲሞን የመጀመሪያ አልበም በአዲስ ሸክላ
ወንድሜ፣ «የ2021ዱን (እ.ኤ.አ.) የሙዚቃ ኩባንያው የቢኤምጂን ሕትመት ልግዛ ወይስ ኦሪጅናሉን ልፈልግ?» ላልከው፣ አዲሱን ግዛ ባይ ነኝ። ቤትልሄም የተባለው የሸክላ ኩባንያ ያወጣው ኦሪጅናል ዋጋው አይቀመስም፤ ቢገኝም አብዛኛው ተጭሮ መርፌው ሲያርፍበት እንደ ጥብስ ይንጫጫል። «ሊትል ገርል ብሉ» የተባለውን ዘፈን ስታደምጥ ፒያኖውን ለብቻው ተከታተለው፦ ጣቶቿ አንድ የቆየ የገና መዝሙር ሲጫወቱ ድምጿ ሌላ ዜማ ይዞ ይሄዳል። ያን ሁሉ ዘመን የክላሲካል ሙዚቃ ደራሲውን ባክን ማጥናቷ እዚህ ጋ ነው የሚታወቀው። የጂሚ ቦንድ ቤዝም አይጋፋት። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የአልበሙን መብት በ3000 ዶላር መሸጧ ነው፤ በ1987 (እ.ኤ.አ.) አንዱ ዘፈን በሽቶ ማስታወቂያ ሰበብ እንግሊዝን ሲያጥለቀልቅ ዕድሜዋ 54 ነበር! ብቻ ማጫወቻህ ርካሹ የሻንጣ ዓይነት ከሆነ፣ ከሸክላው በፊት መርፌውን ቀይር።