ስለ መልእክት ላይብረሪ ጠይቁ፤ እስከ እራት አለሁ

መላሹ፦ ፕሮግራምን ከፕሮግራም ስለሚያገናኙ ቀላል ላይብረሪዎች የቸገራችሁን ጠይቁ። ብዙውን የሠራሁት ከእነሱ አንዱ በሆነው በዜሮኤምኪው ስለሆነ አድልዎዬን ከወዲሁ እወቁልኝ። አንድ ነገር ላስቀድም፦ ላይብረሪው መልእክት ዲስክ ላይ አያስቀምጥላችሁም። ስሙ ውስጥ ኪው ስላለ ወረፋ የሚጠብቅላችሁ እንዳይመስላችሁ።

ጀማሪዋ፦ ጋሼ፣ የቱ ይሻላል?

መላሹ፦ ለምን?

ጀማሪዋ፦ ለፕሮጀክት።

መላሹ፦ እህቴ፣ እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም። ስንት ፕሮግራም ነው? አንድ ማሽን ላይ ነው በኔትወርክ? መልእክት ቢጠፋ ማን ይጮኻል? ሦስቱን ይዘሽ ተመለሽ።

የገርጂው፦ የሱቅ ሽያጭ መመዝገቢያ ሠርተናል። አራት ካሸር፣ ዕቃ ቤት ደግሞ አንድ ኮምፒውተር። ካሸሮቹ በዜሮኤምኪው ፐብ ሶኬት (የማሰራጫ በር) ይልካሉ፣ ዕቃ ቤቱ በሰብ (ተመዝግቦ መቀበያ) ይቀበላል። ማታ መብራት ሲሄድ ሳይላኩ የቀሩትን ሽያጮች ፕሮግራሙ ጠዋት ከፋይል አንብቦ በተርታ ይልካቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ሠላሳ ሽያጮች ግን አይደርሱም። ኤረርም የለም። ላይብረሪው ችግር አለበት?

መላሹ፦ ላይብረሪው ደህና ነው፣ የመረጥከው ሶኬት ነው የማይሆነው። ፐብ ሬዲዮ ጣቢያ ነው፤ ያልከፈተ አመለጠው። ካሸሩ ሲነሳ ሶኬቱ ዕቃ ቤት ጋ ደርሶ፣ የሰቡ ምዝገባ እስኪመለስለት ድረስ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይሄዳል። አንተ በዚያች ቅጽበት ሠላሳ ሽያጭ ታንጋጋለህ። ፐቡ ተመዝጋቢ ስለማያይ ይጥላቸዋል፣ ዝም ብሎ። ብዙ ሰው ከመላኩ በፊት አንድ ሰከንድ ማስቆያ ያስገባና ተፈታ ይላል። እሱ ማባበያ ነው፤ ዕቃ ቤቱ ዘግይቶ የተከፈተ ቀን ያው ነው።

ፑሽና ፑል (ገፊና ሳቢ ሶኬቶች) ብትጠቀም በዝምታ አይጥልም። ለአንድ ግንኙነት በነባሪ 1000 መልእክት ድረስ ይይዛል፤ ሲሞላ ፑሽ ላኪውን ያስቆመዋል፣ ፐብ ግን መጣል ይጀምራል። ነገር ግን የተያዘው ሜሞሪ ላይ ነው! መብራት ከሄደ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሽያጩን መጀመሪያ ካሸሩ ላይ ኤስኪውላይት (በአንድ ፋይል የሚቀመጥ ዳታቤዝ) ውስጥ ጻፍ፣ መለያ ቁጥር ስጠው፣ ከዚያ ላክ። ዕቃ ቤቱ መዝግቦ "ደርሶኛል" ሲልህ ብቻ "ተልኳል" ብለህ ምልክት አድርግ። መልስ ካልመጣ ድገም። ዕቃ ቤቱም ያንኑ ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይመዘግብ አስተምረው። ፑሽ መልስ መቀበል ስለማይችል ለዚህ የሚሆንህ ካሸሩ ላይ ዲለር፣ ዕቃ ቤቱ ላይ ራውተር የሚባሉት መላክም መቀበልም የሚችሉ ሶኬቶች ናቸው።

የገርጂው፦ ራቢትኤምኪው (መልእክት ተቀብሎ የሚያደርስ አማካይ ሰርቨር፣ ብሮከር) ባደርግ ከዚህ ሁሉ አልገላገልም?

መላሹ፦ በከፊል። ዲስክ ላይ ጻፍ ካልከው ይጽፋል። ግን የካሸሩ ገመድ ከተነቀለ ራቢቱም ጋ አይደርስም፤ ካሸሩ ላይ ማስቀመጥህ የማይቀር ነው። በዚያ ላይ የሚንከባከበው ሰው ይፈልጋል።

የቧንቧው፦ ኤምኪውቲቲስ?

መላሹ፦ ቀላል የመልእክት ፕሮቶኮል ነው፤ ለሴንሰር ጥሩ ነው። በ1999 ሲሠራም በሳተላይት ለሚገናኙ የነዳጅ ቧንቧዎች ነበር፤ ትንሹ ሄደር (የመልእክቱ መግቢያ) 2 ባይት ነው። ብሮከር ግን ያስፈልግሃል።

ከጂዳ፦ ናኖኤምኤስጂ የሚባለውን ላይብረሪ ያው የዜሮኤምኪው ሰው ነው የሠራው ይባላል፣ እውነት ነው?

መላሹ፦ አዎ፣ ማርቲን ሱስትሪክ። የመጀመሪያውን በሲ++ መጻፉ ቆጭቶት ይሄኛውን በሲ ጻፈው። ዛሬ ከሆነ ተተኪውን ኤንኤንጂን ውሰድ።

ከጂዳ፦ ምስጠራስ?

መላሹ፦ ዜሮኤምኪው ላይ ከርቭ የሚባል ምስጠራ ከ4.0 ጀምሮ አለ። ተጠቀሙበት።

ሰብ ያልያዘለት፦ እኔም መልእክት አይደርሰኝም። ላኪው "ሠራተኛ" በሚል ቶፒክ (የመልእክት ርእስ) ይልካል፣ እኔም "ሰራተኛ" ብዬ ተመዝግቤአለሁ። ምንም የለም።

መላሹ፦ የጻፍከውን መልሰህ አንብበው።

ሰብ ያልያዘለት፦ አነበብኩት። ያው ነው።

መላሹ፦ ያው አይደለም። ላኪው በንጉሡ ሠ ነው የጻፈው፣ አንተ በእሳቱ ሰ። ላይብረሪው አማርኛ አያነብም፣ ባይት ነው የሚያወዳድር። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ነው፤ የሁለቱ "ሰ" የመጀመሪያ ሁለት ባይቶች አንድ ናቸው፣ ሦስተኛው ይለያያል። ማነጻጸሩም ከመጀመሪያው ነው፦ "ቡና" ብሎ የተመዘገበ "ቡናማ"ም ይደርሰዋል።

የግዕዙ፦ ትክክሉ "ሠራተኛ" ነው። ሥራ ከሚለው ነው የመጣው።

ፓይተን ወዳድ፦ በዚህ ዘመን ሁለት "ሰ" ምን ይሠራል? ድምፁ አንድ ነው፣ አንዱን ማስቀረት ነው።

የግዕዙ፦ "ሠረቀ" እና "ሰረቀ" ላንተ አንድ ናቸው? አንዱ ወጣ ነው፣ አንዱ ሌባ!

ፓይተን ወዳድ፦ ማን ነው በአማርኛ "ፀሐይ ሠረቀች" የሚለው? ወጣች ነው የምንለው።

መላሹ፦ ቶፒኩን ቁጥር አድርጉትና ገላግሉኝ።

ጀማሪዋ፦ ጋሼ፣ ሦስቱን ይዤ መጣሁ። ሁለት ፕሮግራም፣ አንድ ሊኑክስ ላፕቶፕ ላይ፤ አንዱ በሲ፣ አንዱ በፓይተን። በሰከንድ አሥር ቁጥር ይልካል፣ ቢጠፋ ማንም አይጮኽም።

መላሹ፦ ጎሽ። ላይብረሪም አያስፈልግሽ፤ የዩኒክስ ሶኬት (አንድ ማሽን ላይ ያሉ ፕሮግራሞች የሚገናኙበት፣ ሊኑክስ ራሱ ያለው) ይበቃሻል። ሦስተኛ ፕሮግራም የተጨመረ ቀን ነይ።

ደንበኛ 7፦ ይቅርታ፣ አሁን ነው የገባሁት። ባጭሩ የቱ ይሻላል? መልእክት የማያጠፋ ከሆነ ደስ ይለኛል።

መላሹ፦ እራት ቀርቧል።

የግዕዙ፦ "ንጉሥ"ንስ በየትኛው ልትጽፈው ነው?