ሽጉጥ ገጣጥሜ ልሥራ ወይስ ያለቀለትን ልግዛ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ወደ አንድ ነገር ነው የሚሄዱት፣ ፍሬሙን (እጀታ ያለበትን አካል) ለብቻ፣ ስላይዱን (ላዩ ላይ የሚንሸራተተውን ብረት) ለብቻ፣ ባሬሉን (ጥይቱ የሚወጣበትን ቱቦ) ለብቻ እየገዙ ቤት ውስጥ ሽጉጥ መግጠም ይሻላል ወይስ ሱቅ ገብቶ ያለቀለትን ይዞ መውጣት። እዚህ አሜሪካ ነገሩ ኮምፒውተር እንደመገጣጠም ቀለል ተደርጎ ነው የሚወራው፣ ልጆቻችንም ይሄን እየሰሙ ነው። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ቦታ) ስመላለስ ዓመታት አልፈዋል፣ ሁለቱንም ዓይነት ይዤ ተኩሻለሁ፣ ስለዚህ የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ሕጉ ግን ስቴት በስቴት ስለሚለያይ እኔ ያልኩትን ብቻ ይዛችሁ እንዳትገዙ፣ የምትኖሩበትን ስቴት ሕግ እዩ።

«ግሎክ 19 ሙሉውን ከምገዛ ፓርቱን እየለቃቀምኩ ብሠራው ስንት ይተርፈኛል? ጓደኞቼ ግማሹን ትቆጥባለህ እያሉኝ ነው።» (ከአሌክሳንድሪያ)

ምንም አይተርፍህም ወንድሜ፣ እንዲያውም ትጨምራለህ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ ልክ እንዳንተ ብሎ ጀመረ፣ ፍሬም 130 ዶላር፣ ስላይድ 190፣ ባሬል 110፣ የውስጥ ዕቃው ማለት ምላጩ፣ ሞላው፣ ፒኑ ምናምን 120፣ ሳይት (ማነጣጠሪያው) 60፣ ሁለት ካዝና (ጥይት የሚሞላበት) 50፣ ፍሬሙ በሕግ እንደ ሽጉጥ ስለሚቆጠር ተቀብሎ ላስተላለፈለት ሱቅ ደግሞ 35። ደምረው፣ 695 ነው፣ ታክስና የፖስታ ሳይገባ። ያን ፍሬም ሊቀበል ሲሄድ ያለቀለት ግሎክ 19 ከ600 በታች ዋጋ ተለጥፎበት ከመስታወቱ ሥር ተቀምጧል። እሱ ግን ገንዘቡን በየሁለት ሳምንቱ ከደሞዙ ቆንጠር እያደረገ ስላወጣው ስንት እንደሆነ አልታወቀውም ነበር፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

ደግሞ የግሎክ የድሮው ሦስተኛው ጄኔሬሽን የፓተንት (የፈጠራ መብት) ጊዜው ስላለፈ ብዙ ድርጅት እሱን መሰል ሽጉጥ አልቆ ተሠርቶ በ300 ዶላር አካባቢ ይሸጣል። ፖሊሶች ሲቀይሩ የሚመለሰው ያገለገለ ሽጉጥም አለ፣ ላዩ በቀበቶ ማህደር ተፈግፍጎ ሊሆን ይችላል፣ ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ ብዙም አልተተኮሰበትም። በጀትህ ጠባብ ከሆነ እኔ ብሆን እሱን ነው የማየው።

መገጣጠም የሚያዋጣው ምን እንደምትፈልግ በደንብ ካወቅክ በኋላ ነው፣ ሥራውን ወደኸው፣ ለእውቀቱ እየከፈልክ መሆኑን አምነህ። ለቁጠባ ብለህ ከሆነ ተወው።

«34 ዕቃ ነው እኮ ጠቅላላው! ገጠምኩት፣ ስላይዱ ጥሩ ይንሸራተታል፣ ምላጩም ጠቅ ይላል፣ ታዲያ ከፋብሪካው በምን ያንሳል?» (ከዳላስ)

በቁጥሩ ልክ ነህ፣ ግሎክ 17 ራሱ 34 ዕቃ ነው የሚባለው። ግን ጠረጴዛ ላይ ጠቅ ማለቱ ምንም አያረጋግጥልህም።

ከላይ ያነሳሁት ልጅ ጋ ሬንጅ ሄድን። አምስት ጥይት ብቻ አስገብተን ጀመርን፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛው ላይ ቀለሃው ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ስላይዱ ነክሶት እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ ቆመ። አወጣነው፣ ደገምነው፣ አሁንም እንደዛው። አያያዝህ ነው አልኩት፣ እውነትም እጅ ሲላላ እንዲህ ይመጣል፣ የኔን ሰጠሁት፣ አስራ አምስቱንም አንዴ ሳያንቀው ጨረሰ። ከዛ ጎንበስ ብለን ቀለሃዎቹን ለቀምን፣ የአንዱ ጠርዝ ላይ ቀለሃ ጎትቶ የሚያወጣው ጥፍር የነከሰበት ጭረት ጥልቅ ነው፣ የሌላው ላይ ጭራሽ ምልክት የለም። አንዴ ይይዛል አንዴ ይስታል ማለት ነው። ፍሬሙን ለሸጠለት ድርጅት ጻፈ፣ ስላይዱ ነው አሉት፣ ስላይዱን የሸጡት ደግሞ የኛ አይደለም ሞላህ ከብዶ ነው አሉት፣ የሞላው ሻጭ መልስም አልሰጠው። መጨረሻ ላይ ገንስሚዝ (መሣሪያ ጠጋኝ ባለሙያ) ጋ ወስዶ 90 ዶላር ጨመረበት። እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ደህና ነበር፣ አንድ ላይ ሆነው ግን ማንም ሞክሯቸው አያውቅም። ያለቀለትን ስትገዛ የምትከፍለው ለዚህ ነው፣ ቢበላሽ አንድ ተጠያቂ አለህ፣ በፖስታ ትልክለታለህ ሠርቶ ይመልስልሃል።

ማነቁ ደግሞ ቀላሉ ችግር ነው። የ9 ሚሊ ጥይት ሲፈነዳ ውስጡ የሚፈጠረው ግፊት በኢንዱስትሪው ልክ እስከ 35,000 ፒኤስአይ ይደርሳል፣ የመኪናህ ጎማ 35 አካባቢ ነው፣ ሺህ እጥፍ ማለት ነው፣ ያውም ከመዳፍህ በላይ። ባሬሉ ከስላይዱ ጋ በትክክል ሳይቆለፍ ቢተኮስ ምን እንደሚመጣ ማሰብ ነው። ቢወድቅስ? ሽጉጡ ውስጥ ጥይቱን መትቶ የሚያስተኩሰው መርፌ ወደፊት እንዳይሄድ የሚያግድ ትንሽ ብረት አለች፣ ምላጩ ካልተሳበ አታሳልፍም፣ የተለያየ ድርጅት ዕቃ ሲደባለቅ ይቺ ብረት ሥራዋን ላትሠራ ትችላለች፣ አንተ ደግሞ በዓይንህ አታያትም። በ2017 አንድ ትልቅ ፋብሪካ የሸጠው ሽጉጥ በሆነ ማዕዘን ሲወድቅ እንደሚተኩስ ታውቆ ምላጩን በነፃ እየቀየረ ነበር። ያን ሁሉ መሞከሪያ ይዞ እሱም አልፎታል፣ የኛ የኪችን ጠረጴዛማ። ስለዚህ ገጥመኸው ከሆነ ጥይት ሳታስገባበት በፊት ፈቃድ ያለው ገንስሚዝ ይየው፣ እባክህ።

«በጃንሆይ ጊዜ ወታደር ነበርኩ፣ ጋራንድ ጠመንጃ ዓይኔን ተሸፍኜ ፈትቼ እገጥም ነበር። አሁን ጡረታ ነኝ፣ ጊዜም አለኝ፣ 1911 የሚባለውን ኮልት ከፓርት መሥራት አማረኝ። ምን ትላለህ?» (ከሲያትል)

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት፣ በጣም ደስ ብሎኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ መፍታትና መግጠም ሌላ ነው መሥራት ሌላ። እርስዎ የፈቱት ጋራንድ ፋብሪካው አስማምቶ የጨረሰው ነው፣ እያንዳንዱ ዕቃ ቦታውን ያውቃል።

1911ን የነደፈው ጆን ብራውኒንግ ነው፣ የአሜሪካ ጦር በመጋቢት 1911 በፈረንጆቹ ተቀበለው፣ ከመቀበሉ በፊት 6,000 ጥይት ተተኩሶበት አንድም ጊዜ አላነቀም ይባላል፣ ሲግል ውሃ ውስጥ እየነከሩት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ መሣሪያ ሠርተው የማያውቁ ድርጅቶች ጭምር ሠርተውታል፣ የጽሕፈት መኪና የሚሠራው ሬሚንግተን ራንድ አንዱ ነው፣ እናቶቻችን ቤት ያለው ሲንጀርም ሠርቷል፣ 500 ብቻ፣ ዛሬ የሲንጀሩን ያገኘ ሰው እንደ ወርቅ ነው የሚያስቀምጠው። ያኔ የአንዱ ፋብሪካ ስላይድ የሌላው ፍሬም ላይ ይገባል ምክንያቱም ሁሉም በአንድ የመንግሥት ሥዕልና በአንድ መለኪያ ነው የሚሠሩት።

አሁን ያ የለም። 1911 የሚለው ስም ያለበት ሁሉ ልኩ ትንሽ ትንሽ ይለያያል፣ አንዳንዱ ሲሪስ 70 የሚባለው ነው አንዳንዱ 80፣ 80ው ላይ መርፌውን የሚያግድ ተጨማሪ ዕቃ አለ፣ ሳያዩ ካደባለቁት ችግር ነው። ባሬሉም፣ የአውራ ጣት መጠበቂያውም፣ ጥፍሩም በሞረድ ቀስ እየተባለ ነው የሚስማሙት፣ ብረት ደግሞ አንዴ ከተሞረደ አይመለስም። ስለዚህ እርስዎን የምመክረው መጀመሪያ ያለቀለት 1911 ይግዙ፣ ርካሽም ቢሆን፣ አንድ ዓመት ይተኩሱበት፣ ጤነኛው ምን እንደሚመስል እጅዎ ይወቀው። ከዛ ፍላጎቱ ካልለቀቀዎት ገንስሚዞች የሚሰጡት ትምህርት አለ፣ እነሱ አጠገብ ቁጭ ብለው ይሥሩት። ጊዜ ያለው ሰው ነው ይሄን ሥራ የሚያምርበት፣ እርስዎ ደግሞ ጊዜው አለዎት።

«ሴሪያል ቁጥር የሌለው ኪት (ቤት ውስጥ የሚጨረስ የሽጉጥ ዕቃ ስብስብ) ገዝቶ መሥራት ይቻላል አይቻልም? አንዱ ይቻላል ይላል አንዱ እስር ቤት ትገባለህ ይላል።» (ከአትላንታ)

ሁለቱም የሰሙት የተለያየ ጊዜና የተለያየ ስቴት ሕግ ነው። በፌዴራል ደረጃ መሣሪያን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ኤቲኤፍ በ2022 ያወጣው ደንብ በቀላሉ የሚጨረሱ ኪቶችን እንደ መሣሪያ ቆጠራቸው፣ ሻጩ ፈቃድ ሊኖረው፣ ቁጥር ሊመታባቸው፣ ገዢው ባክግራውንድ ቼክ (የኋላ ታሪክ ማጣሪያ) ሊያልፍ ይገባል። ተከሰሰ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በማርች 26 ቀን 2025 ሰባት ለሁለት ደንቡ ፀና። ከዛ በላይ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ሌሎችም ቁጥር የሌለውን መያዝ ራሱን ከልክለዋል።

እኔ ግን ሕግ ባይኖርም ቁጥር የሌለው አልይዝም። ቤትህ ተሰብሮ ቢሰረቅ ለፖሊስ ምን ብለህ ነው የምታስመዘግበው? የሆነ ልጅ ተመቶበት ቢገኝስ? ቁጥር ያለውን ፍሬም ከሱቅ ግዛ፣ ቅጹን ሙላ፣ በቃ። ሠርቼ ለጓደኞቼ ልሽጥ የሚል ሐሳብም ካለህ እሱ የፌዴራል ፈቃድ የሚጠይቅ ንግድ ነው፣ በጓደኝነት አይሠራም።

«እኔ ዜጋ ነኝ፣ ወንድሜ ግን የጥገኝነት ኬዙ አላለቀም፣ ሌሊት ነው የሚሠራው። በኔ ስም ገዝቼ ልስጠው? ወይስ ፓርቱን ብቻ ብሰጠው ይሻላል?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

በፍጹም እህቴ፣ በፍጹም። ሱቅ የሚሞላው ቅጽ 4473 ትክክለኛዋ ገዢ አንቺ ነሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ለሌላ ሰው እየገዛሽ አዎ ካልሽ ወንጀል ነው፣ በ2022 የወጣው ሕግ እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በስሙ መግዛት ይችላል፣ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር መያዝም አይችልም። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ጉዳይ እንዴት እንደገባና አሁን በምን ወረቀት እንዳለ ይወሰናል፣ ይሄን የኢሚግሬሽን ጠበቃ እንጂ እኔም ሱቁም አንነግርሽም። በመሣሪያ ወንጀል ጥፋተኛ መባል ራሱን ችሎ ከአገር የሚያስባርር ምክንያት ነው። ስንት ዓመት የጠበቀው ኬዝ በአንድ ሽጉጥ ሲበላሽ ማየት አልፈልግም። በየፓርቱ መስጠቱም አያድንም፣ በሕግ ፊት ፍሬሙ ብቻውን ሽጉጥ ነው። ሌሊት የሚያስፈራው ከሆነ ሺፍቱን ወይም ቦታውን የሚቀይርበትን መንገድ አብራችሁ ፈልጉ።

«አገር ቤት ስሄድ ለአንድ ዘመዴ ባሬልና ሞላ ሻንጣ ውስጥ ብይዝለት? ሙሉ ሽጉጥ አይደለም እኮ።» (ከዴንቨር)

አትያዝ። ከዚህ ሲወጣ የሽጉጥ ባሬልም የኤክስፖርት ፈቃድ ይፈልጋል፣ እዚያ ስትገባ ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ሽቶና ጫማ ያዝለት።

«ልጄ፣ ልጃችን 19 ዓመቱ ነው። በፖስታ ትንንሽ ዕቃ እየመጣለት ነበር፣ ክፍሉን ሳጸዳ በላስቲክ ሞላና ፒን፣ አንድ የፕላስቲክ እጀታ የሚመስል ነገር አገኘሁ። ስጠይቀው የጌም ዕቃ ነው አለኝ። አባቱ አልሰማም። ምን ላድርግ?» (ከሜሪላንድ)

እማማ፣ በጣም አዝኛለሁ፣ ጥሩ አደረጉ የጠየቁት። የፕላስቲክ እጀታ ያሉት ፍሬም ሊሆን ይችላል። ሜሪላንድ ውስጥ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው ከጥቂት ሁኔታ በቀር ሽጉጥ መያዝ አይችልም፣ ቁጥር የሌለውን ፍሬም መያዝ ደግሞ ከማርች 1 ቀን 2023 ጀምሮ ለማንም ክልክል ነው። ስለዚህ ይሄ ዝም የሚባል ነገር አይደለም።

ቆሻሻ ውስጥ እንዳይጥሉት፣ በመኪናም ይዘውት እንዳይሄዱ። ዛሬውኑ ለአባቱ ይንገሩ፣ ነገ ጠዋት አንድ የወንጀል ጉዳይ ጠበቃ ጋ ደውለው በምን መልክ እንደሚያስረክቡት ይጠይቁ፣ ጠበቃው መንገዱን ያውቀዋል።

ልጁን ግን ከዕቃው በፊት ነው ማናገር ያለብዎት። በቁጣ አይጀምሩት። ለምን ፈለግከው ይበሉት፣ ከዛ ዝም ብለው ይስሙት። ትምህርት ቤት ወይም ሥራ ቦታ የሚያስፈራራው ሰው አለ? ወይስ ብረት መግጠም ወዶ ነው? እንደሱ ከሆነ እጁ ሥራ ይወዳል ማለት ነው፣ የመካኒክ ወይም የማሽን ሥራ ትምህርት ቢገባ ይወጣለታል። ሌላ ደግሞ አለ፣ ብዙ ወላጅ መጠየቅ የሚፈራው፣ ራሱን ሊጎዳ አስቦ ይሆን? ይጠይቁት፣ በግልጽ፣ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ቢከፋው፣ ቢዘጋ፣ እንቅልፍ ቢያጣ ራስን ማጥፋት ለመከላከል የሚረዳው የስልክ መስመር 988 ይደውሉ፣ ሌት ተቀን ይሠራል፣ አስተርጓሚም ይጠይቁ። እስከዛ ድረስ እዚያ ቤት ውስጥ ሌላ መሣሪያ ካለ፣ የአባቱም ቢሆን፣ ልጁ ቁልፉን የማያውቀው የብረት ሣጥን ውስጥ ይግባ ወይም ከቤት ይውጣ። ምን እንደደረሰ ይጻፉልኝ፣ እጠብቃለሁ።

«ምክርህን ሰምቼ ያለቀለት ገዛሁ። አሁን መጀመሪያ ምን ልቀይርበት?» (ከሚኒያፖሊስ)

ለጊዜው ምንም። 500 ጥይት ተኩስበት። ከዛ ዓይንህ ካስቸገረህ ሳይቱን፣ እጅህ ካንሸራተተብህ ላዩ ላይ የሚለጠፈውን ላስቲክ። ምላጩንና ውስጥ ያሉትን ሞላዎች አትንካ፣ ራስህን የምትከላከልበት ሽጉጥ ከሆነ በተለይ፣ ፍርድ ቤት ከደረስክ ለምን አቀለልከው ብለው ይይዙሃል። የምትፈታውን እያንዳንዱን ኦሪጅናል ዕቃ ደግሞ በላስቲክ አድርገህ የመጣበት ሳጥን ውስጥ አስቀምጥ፣ ለዋስትናም ስትሸጠውም ይጠይቁሃል።